ዲዲጄ ኤፍኤልኤክስ 4 ከሪከርድቦክስ ጋር፦ ቴክ ሃውስን በኪይ ማዋሃድ ለጅማ ዲጄ

ጅማ ውስጥ ሰርግም ይሁን የዩኒቨርሲቲ ምርቃት የሚያጫውት ዲጄ ምሽቱን በቴክ ሃውስ (የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ዓይነት) ብቻ አይጨርስም። 126 ቢፒኤም (በደቂቃ 126 ምት) ላይ ከሚሮጥ ትራክ መሃል የትዝታ ወይም የባቲ ዜማ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ዲዲጄ ኤፍኤልኤክስ 4 የተባለውን የፓዮኒር ኮንትሮለር (ዘፈን ማዋሃጃ መሣሪያ) ሪከርድቦክስ ከሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር ጋር ስንመዝነው ዋናው ጥያቄ ሶፍትዌሩ የዘፈኑን ኪይ፣ ማለትም ዜማው የቆመበትን የኖታ መሠረት፣ በትክክል ይለያል ወይ የሚለው ነው። ለቴክ ሃውስ ጎበዝ ነው። ለአገራችን ቅኝት ግን ጆሮ ካልታከለበት ያሳስታል።

መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የኪዩን አጻጻፍ ከኖታ ስም ወደ ቁጥርና ፊደል ለውጡት። ኤ ማይነር 8ኤ፣ ሲ ሜጀር 8ቢ ሆኖ ይታያል። ከ8ኤ ወደ 7ኤ፣ ወደ 9ኤ ወይም ወደ 8ቢ መሻገር ይቻላል። 9ኤ ኢ ማይነር ነው፤ ከኤ ማይነር የሚለየው በአንድ ኖታ ብቻ ስለሆነ ጆሮ አይቆረቁርም። አንድ ዘፈን ሲጫወት የሚስማሙት በዝርዝሩ ላይ አረንጓዴ መሆናቸው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነት ላይ ነው። ከ124 ወደ 128 ቢፒኤም ማውጣት 3.2 ከመቶ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ማስተር ቴምፖ (ፍጥነት ሲቀየር ኪዩን ባለበት የሚያቆየው) ካልበራ ዘፈኑ ወደ ሩብ ድምፅ የሚጠጋ ከፍ ይላል፤ 6 ከመቶ ሲደርስ ደግሞ ሙሉ ግማሽ ድምፅ። ያኔ ሁለቱም 8ኤ የነበሩ ትራኮች ይጣላሉ።

ኪይ ቢገጥምም ሁለት ቤዝ አብሮ አይሂድ። ኤ ላይ ያለ ቤዝ 55 ኸርዝ፣ ከሱ ግማሽ ድምፅ የሚበልጠው ቢ ፍላት 58.3 ኸርዝ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በጆሮ ማዳመጫ ላይሰማ ይችላል፣ የአዳራሽ ስፒከር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሚገባውን ትራክ የሎው (ቤዝ መቀነሻ) ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙራችሁ በከበሮ መግቢያው ጀምሩት፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ዜማ ስለሌለ የሚጋጭ ነገር የለም። ከ16 ወይም ከ32 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) በኋላ፣ ሐረጉ ሲያልቅ፣ የአንዱን ሎው ዘግታችሁ የሌላውን በአንድ ጊዜ ክፈቱ።

ወደ ቅኝት ስንመጣ፣ በሲ የተቃኘ የትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) የኤ ማይነር አምስት ኖታዎችም ናቸው። ሶፍትዌሩ 8ቢ ወይም 8ኤ ቢል አይፈረድበትም፤ ሁለቱም ጎረቤት ስለሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አንቺሆዬ ግን ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ የሚጻፍለት ኪይ ግምት ነው። በድሮ ቅጂዎች ደግሞ ክራሩ ወይም ማሲንቆው ለዘፋኙ ድምፅ እንጂ ለመደበኛው መቃኛ ለ440 ኸርዝ ስላልተቃኘ ዘፈኑ በሁለት ኪይ መሃል ሊወድቅ ይችላል።

መፍትሔው ከድግሱ በፊት ቤት ውስጥ መፈተሽ ነው። ዘፋኙ የሚገባበትን አራት ባር ሉፕ አድርጉና (ደጋግሞ እንዲዞር) ከቴክ ሃውሱ ቤዝ ጋር በጆሮ ማዳመጫ አሰሙት። ከተጋጨ ሺፍትን ይዛችሁ ሳምፕለርን ስትጫኑ ፓዶቹ (ትንንሾቹ የሚመቱ ቁልፎች) ኪይ ሺፍት፣ ማለትም ኪይ መቀየሪያ፣ ይሆናሉ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሞክሩ። ከሁለት በላይ ከሄዳችሁ የዘፋኙ ድምፅ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ዜማ የሌለበትን የከበሮ ክፍል ብቻ ከሥሩ አስገቡ። የተስማማውን ኪይ ዝርዝሩ ላይ በእጅ አርሙት። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ፋይል ወደ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ቢቀየርም የጠፋው ጥራት አይመለስም።

ኮንትሮለሩ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሚወስድ መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ እንጂ እሱ አይሞትም፤ ለእኛ ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሁለት ቻናል ብቻ መሆኑ ሦስተኛ ትራክ መደረብ ለለመደ ይጠብበዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዋናው የድምፅ መውጫ አርሲኤ (ቀይና ነጩ መሰኪያ) ብቻ መሆኑ ነው። ረጅም የአርሲኤ ገመድ ጉምጉምታ ይለቅማልና የአዳራሹን ሚክሰር አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ገመዱንም ከመብራት ገመድ ጋር አብራችሁ አትዘርጉ።