ከስምንት ወር በኋላ፦ ትራንስፎርመር የሌለው ባለ ሰባት ደረጃ ኢንቨርተሬ

አራት ኪሎ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ኦቨርሎኩ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን) ይቆማል፤ እሱ ሲቆም የደንበኛ ቀጠሮ ይዛባል። ጥቅምት ላይ ያስገባሁትን ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ መስመር ዓይነት መብራት የሚቀይር ሳጥን) ከሱቅ አልገዛሁትም። ኤሌክትሪካል የተማረው የእህቴ ልጅ ነው የሠራልኝ።

የድሮው ኢንቨርተሬ ሦስት የቮልት ደረጃ ብቻ ነበር የሚሰጠው፦ ላይ፣ ዜሮ፣ ታች። የኦቨርሎኩ ባለ 250 ዋት ሞተር በሱ ሲሠራ ያጉረመርማል፤ ትንሽ ከቆየማ እጅ አያስነካም። አዲሱ ሰባት ደረጃ አለው። በተርታ የተያያዙ ዘጠኝ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች 108 ቮልት ይሰጣሉ። ሁለት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹ ዕቃዎች) ከባትሪው ጎን ለጎን ሆነው ይሞላሉ። ከዚያ ትራንዚስተሮቹ (ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያዎቹ) በየተራ እላዩ ላይ ይደርቧቸዋል፦ 108፣ 216፣ 324። ዜሮው አለ፤ ሦስቱ ደግሞ ተገልብጠው ይመጣሉ። የኛ 220 ቮልት መብራት ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ነው፤ ጫፉ 311 ስለሆነ ይበቃል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 50 ጊዜ! ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ያ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ቀረ ማለት ነው። የሞተሩን ድምፅ ደግሞ ዛሬ ከመስመሩ መብራት መለየት ያቅተኛል። በጣም ነው የወደድኩት።

በአምስተኛው ወር ግን አንዱ ካፓሲተር አናቱ አበጠ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳጥኑን ካውያው አጠገብ፣ ጨርቅ መሃል ወሽቄው ነበር። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ልጁ ሁለቱንም 105 ዲግሪ በሚችሉ ቀየራቸውና ፋን ጨመረበት። እኔም ቦታውን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

መጀመሪያ ላይ ሲበራ ጧ ይል ነበር፤ ባዶ ካፓሲተር ባትሪውን በአንዴ ይስባል። አሁን ለጥቂት ሰከንድ በሬዚስተር (ፍሰቱን በሚገታ ዕቃ) በኩል ቀስ ብሎ ይሞላል።

የቀረው ድክመት ጫፉ ላይ፣ 324 ቮልቱ ላይ ነው። እዚያ ሁለቱም ካፓሲተሮች ይሰጣሉ እንጂ አይሞሉም። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ አምፖሉ ለአፍታ ይደበዝዛል። ካውያማ አይታሰብም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ። ባትሪው ተነቅሎም ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ባትሪዎቼ 7 አምፔር ሰዓት ናቸው፤ ኦቨርሎኩንና መብራቱን ሁለት ሰዓት ገደማ ይዘው ይቆያሉ። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ በባለ 18 አምፔር ሰዓት ለመቀየር ብር እያጠራቀምኩ ነው።