ኮአርተም፦ 24 ክኒን፣ 3 ቀን

ከአርባ ምንጭ ስመለስ ወባ ይዤ መጣሁ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተባለና ኮአርተም የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። ለአዋቂ 24 ክኒን ነው፤ በአንዴ አራት አራት ይዋጣል፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ እስከ ሦስተኛው ቀን። ቢጫ ነው፣ ምሬቱ ደግሞ አይጣል!

የመጀመሪያውን በባዶ ሆዴ ዋጥኩት። የሸጠልኝ ፋርማሲ ትንፍሽ አላለማ! ለካ ውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን የሚባለው፣ ቅባት ካላገኘ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር ሆነ፤ እናቴማ ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቃ ነው ያመጣችልኝ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ዳንኩ ብሎ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል። ሁለተኛው መድኃኒት፣ አርቴሜተር፣ ተውሳኩን ቶሎ መትቶ ከደም ቶሎ ይወጣል፤ የተረፈውን ቀስ ብሎ የሚለቅመው ሉሜፋንትሪን ነው።

የአርቴሜተር መነሻ የቻይና ባህላዊ ቅጠል መሆኑ ይገርመኛል። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጭመቁት እንደሚል አዩ። ማፍላት የለበትምና፣ መድኃኒቱን ሙቀት ሳያበላሸው አይቀርም ብለው በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ አወጡት፣ ሠራ! በ2015 ኖቤል ተሸለሙበት።

ራሴን ትንሽ አዙሮኝ ነበር። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለምሬቱ ነው።