የኡዩኒ የሦስት ቀን የጂፕ ጉዞ፦ ዋጋው የሚለካው በሁለተኛው ሌሊት ነው

ጨው ሲባል ዳሎልን ለሚያስብ ሰው የቦሊቪያው ኡዩኒ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው። አፋር ላይ ከባሕር ወለል በታች ተወርዶ ከሙቀት ጋር ይታገሉታል፤ እዚህ 3,650 ሜትር ገደማ ላይ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ጨው አለ፣ ጠላቱም ብርድና የአየር መሳሳት ነው። ከኡዩኒ ከተማ ተነስቶ ቺሌ ድንበር ላይ የሚያበቃውን የሦስት ቀን ጉዞ የሚሸጡት ቢሮዎች ብዙ ናቸው። መንገዱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ግድግዳቸው ላይ የተለጠፈው ፎቶም አንድ ነው። ልዩነቱ መኪናው ሥር፣ ሾፌሩ ላይና ሁለተኛው ሌሊት የሚታደርበት ቤት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማንንም አያስቸግርም። የዛጉት የባቡሮች መቃብር ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ኮልቻኒ መንደር ጨው ሲደርቅ፣ ሲፈጭና አዮዲን ሲጨመርበት ይታያል። ከዚያ ሜዳው ራሱ፣ በመሃሉም ግዙፍ ቁልቋል የሞላባት ኢንካዋሲ ደሴት። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ዝናብ ስለሚተኛበት ሜዳው መስታወት ይሆናል፤ ውሃው ከበዛ ግን ወደ ደሴቷ መሄድ አይቻልም። አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሰኔና በሐምሌ እዚያ ደረቅ ቁር ነው፣ ጨውም ባለ ስድስት ማዕዘን መስመሩን ያወጣል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው።

መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ላንድ ክሩዘር ነው፣ ከሾፌሩ ሌላ ስድስት ሰው ይጭናል። የኋለኛዋ ወንበር ላይ ረጅም ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ስለሚቀመጥ በየፌርማታው ቦታ መቀያየር ከመነሻው ስምምነት ይሁን። ቢሮው ሰው ካልሞላለት ለሌላ ድርጅት አሳልፎ ሊሰጥ ስለሚችል የሰው ብዛት፣ የማደሪያው ዓይነትና ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ጠዋት ከመነሳት በፊት ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማየት ነውር የለውም፤ ጨው ሻንሲና የፍሬን ቧንቧ ይበላል፣ ጥሩ ድርጅት ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሥሩን ያጥባል። ሁለት ስኮርታ፣ ክሪክ፣ በሁሉም ወንበር የሚሠራ ቀበቶ፣ የኦክስጅን ጠርሙስ። የነዳጁ ጄሪካን ፖርቶመጋላው ላይ እንጂ ከሰው ጋር ውስጥ አይሁን። ሾፌሩ መጠጥ መጠጥ ከሸተተ ሻንጣ አውርዶ መመለስ ነው፣ ክርክር የለውም።

ሁለተኛው ቀን ኮረኮንች፣ አሸዋና ሐይቆች ነው። ላጉና ኮሎራዳ 4,278 ሜትር ላይ አለች፤ ውሃዋን ደም ያስመሰሉት አልጌና ደለሉ ናቸው፣ ሦስት ዓይነት ፍላሚንጎም ይመገብባታል። ብዙ ጊዜ የሚታደረው እዚያው አካባቢ ነው። ርካሹ ማደሪያ ማሞቂያ የለውም፣ መብራቱ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ በሰኔና በሐምሌው ቁር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 እና ከዚያም ይወርዳል። ውሃ በዚያ ከፍታ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ፓስታው ሲቀርብ ግማሽ ጥሬ ቢሆን ወጥ ቤቱን አትኮንኑ። የመኝታ ከረጢት ኡዩኒ ላይ ተከራዩ፤ ስልክና ባትሪ ከረጢቱ ውስጥ ይደሩ፣ ብርዱ ያደክማቸዋል።

በጠዋቱ ሶል ዴ ማኛና ፍል እንፋሎት ጋ ስትደርሱ ከፍታው 4,800 ሜትርን አልፏል፣ ከራስ ደጀን ጫፍ በላይ ማለት ነው፣ ያውም በመኪና። የሚፈላው ጭቃ አጥር የለውም፣ ዳሩም ስስ ቅርፊት ስለሆነ ሾፌሩ በረገጠበት ብቻ ርገጡ።

ስለዚህ አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ከኡዩኒ የጀመረ ከ3,650 ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ 2,400 ሜትር ላይ ወዳለችው የቺሌ ከተማ ሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ይወርዳል። ከሳን ፔድሮ የጀመረ ግን በመጀመሪያው ቀን 4,800ን አልፎ 4,300 ላይ ይተኛል፤ ይህን ሳይለማመዱ መሞከር አይመከርም። «የደጋ ልጅ ነኝ» ማለትም አያድንም። የአዲስ አበባ ሰው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ከመጣው የተሻለ መነሻ ቢኖረውም ኡዩኒ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር አለበት፤ ባሕር ዳርቻ አገር የከረመ ሰው ደግሞ ልምዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የከፍታ ሕመም መከላከያው አሴታዞላማይድ ሐኪም ከፈቀደ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ራስ ምታት ይጠበቃል፤ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ኦክስጅኑ ጊዜ መግዣ ነው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

የኮካ ሻይ በየቦታው ይቀርባል። አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለሚነዳ ግን አንድ ስኒ እንኳ የሽንት ምርመራው ላይ ኮኬይን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ይቅርበት።

ጾመኛ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ብሎ ብቻ ከተናገረ እንቁላልና አይብ ይመጣለታል። «ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ» (ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል) ብሎ ይጨምር፣ ቢሮው ላይም አስቀድሞ ያስጽፍ፤ የኪኑዋ ሾርባቸው መልካም ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ። ሐይቆቹ ያሉበት የኤድዋርዶ አቫሮአ ብሔራዊ ጥብቅ ክልል መግቢያ፣ 150 ቦሊቪያኖ ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ የለም፤ በመንገድ ባንክ ስለሌለ ጥሬ ገንዘብ ከኡዩኒ ይያዝ።

መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ሁለተኛውን ሌሊት ማሞቂያ ያለበት ክፍል የሚሰጥ ጉዞ ገንዘቡ አይቆጭም። ርካሹ ላይ የተረፈው ብር በዚያች ሌሊት ያልቃል። ከድንበሩ ወደ ሳን ፔድሮ የሚያወርደው አውቶቡስ መካተቱን ጠይቁ። የቺሌ ጉምሩክ ፍራፍሬም የኮካ ቅጠልም አያሳልፍም፣ ሳያስመዘግቡ የተያዙበት ይቀጣሉና የተረፈች ፖም ካለች ኢቶ ካሆን ድንበር ሳይደረስ ትበላ።