ሜዲኬር ሲመዘን፦ በ65 የሚወሰን፣ በ80 የሚከፈል

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ ለመውጣት የሚያስብ ሰው «65 ሲሞላኝ ሜዲኬር አለ» ብሎ በመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ይጽናናል። ግማሹ እውነት ነው። ያለ ወርሃዊ አረቦን የሚገኘው ተኝቶ መታከምን የሚሸፍነው ፓርት ኤ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 40 ሩብ ዓመት፣ በግርድፉ 10 ዓመት፣ ሠርቶ ግብር ለከፈለ ነው። ከ30 እስከ 39 ሩብ ያለው በ2025 ሂሳብ በወር 285 ዶላር፣ ከዚያ በታች ያለው 518 ዶላር ይከፍል ነበር። ልጆቻቸው በስተርጅና ያመጧቸው ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት እዚህኛው መደብ ውስጥ ነው። እነሱ ደግሞ ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ያለማቋረጥ ካልኖሩ፣ ገንዘቡ ቢኖራቸውም መግዛት አይፈቀድላቸውም።

የሐኪም ቤት ምልልሱን፣ ላቦራቶሪውንና ራጁን የሚይዘው ፓርት ቢ ነው። የ2025 መደበኛ አረቦኑ በወር 185 ዶላር ነበር፤ አረቦኑ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሚባለው የመንግሥት ጡረታ ላይ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ላልጀመረ ሰው በየሦስት ወሩ ቢል ይላክለታል። በዓመቱ መጀመሪያ ዲዳክቲብል፣ ማለትም ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚሸፍነው ገንዘብ፣ ከኪስ ይወጣል፤ በ2025 257 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል። ችግሩ የቀረው 20 በመቶ ጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና በዓመት 100,000 ዶላር ቢደርስ 20,000ው የታካሚው ዕዳ ነው። ሆስፒታል መተኛትም ነፃ አይደለም፤ የፓርት ኤ ዲዳክቲብል በ2025 1,676 ዶላር ነበር። ይህ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በሕክምና ዙር ስለሆነ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ 60 ቀን ካለፈው በኋላ እንደገና የሚተኛ ሰው እንደገና ይከፍላል።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የተሠራው የግል ኩባንያዎች ተጨማሪ ኢንሹራንስ፣ ሜዲጋፕ፣ ከቀረቡት ምርጫዎች ሁሉ ጥሩው ዕቃ ነው። ፕላኖቹ በፊደል የተሰየሙ ናቸው፤ ከማሳቹሴትስ፣ ከሚኒሶታና ከዊስኮንሲን በቀር የአንድ ፊደል ሽፋን በየትኛውም ኩባንያ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ፕላን ጂን ከውዱ ኩባንያ መግዛት የተለየ ሕክምና አያስገኝም፤ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ብቻ ነው። ሲጠየቅ ደግሞ የዛሬው ዋጋ አይበቃም። «አረቦኑ ዕድሜዬ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል ወይስ በገባሁበት ዕድሜ ይሰላል?» መባል አለበት። በ65 ርካሽ ሆኖ የሚያማልለው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ፕላን ጂ የፓርት ቢን ዲዳክቲብል ለታካሚው ትቶ በሜዲኬር የጸደቀውን የቀረ ወጪ ይሸፍናል። ፕላን ኤን አረቦኑ ይቀንሳል፤ በምትኩ በአንድ የሐኪም ጉብኝት እስከ 20 ዶላር፣ በድንገተኛ ክፍል እስከ 50 ዶላር ኮፔይ (በየጉብኝቱ ከኪስ የሚከፈል) አለው። የሜዲኬርን ዋጋ ሙሉ ክፍያ አድርገው የማይቀበሉ ሐኪሞች የሚጨምሩትን፣ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ክፍያም አይሸፍንም። ሐኪም ጋ እምብዛም ለማይመላለስ ሰው ኤን ይበቃል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ዕድሜው 65 ሞልቶ ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንስቶ ባሉት 6 ወራት ውስጥ የትኛውም የሜዲጋፕ ኩባንያ በሕመም ምክንያት ሊከለክል ወይም ሊያስወድድ አይችልም። ያ መስኮት ከተዘጋ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ስቴቶች የጤና መጠይቅ ይቀርባል፤ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። መስኮቱ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ፓርት ኤንና ቢን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሌላ በር ይገባል። ማስታወቂያው «0 ዶላር» ይላል፤ የፓርት ቢ አረቦን ግን አይቀርም። ጥርስና መነጽር ይጨምራል፣ መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ አብሮ አለ፣ የኪስ ወጪውም ጣሪያ አለው። በ2025 በኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር በተዋዋሉ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ለሚሰጥ ሕክምና ጣሪያው ከ9,350 ዶላር መብለጥ አይችልም ነበር። ጤነኛ ሆኖ እጁ ለጠበበ ሰው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ሕመም ሲጠና የቅድመ ፈቃዱ ጥበቃ፣ የኔትወርኩ ጥበትና የሚፈልጉት ሆስፒታል ከዝርዝሩ መውጣት አብረው ይመጣሉ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ ወደ ኦሪጅናል ሜዲኬር፣ ማለትም ወደ መንግሥቱ ፓርት ኤና ቢ፣ መመለስ ይቻላል። ሜዲጋፑ ግን ላይቀበል ይችላል። በ65 ዓመቱ በቀጥታ አድቫንቴጅ የገባ ሰው በ12 ወር ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር ያለ ጤና መጠይቅ ሜዲጋፕ የመግዛት መብት አለው፤ ሻጮች ይህን ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም።

የሜዲኬር መመዝገቢያው ጊዜ 7 ወር ነው፦ 65ኛ ልደቱ ካለበት ወር 3 ወር በፊት፣ ያው ወር፣ 3 ወር በኋላ። ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ሰው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር የፓርት ቢ አረቦኑ ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ 3 ዓመት ከዘገየ በ2025 ዋጋ በወር 55.50 ዶላር፣ ዕድሜ ልክ። 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ይዞ የሚሠራ ሰው መዘግየት ይችላል፤ ሥራው ወይም ኢንሹራንሱ ካበቃ በኋላ 8 ወር አለው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ፓርት ቢን ሳያስፈልገው ቢጀምር የሜዲጋፕ 6 ወሩን በከንቱ ያቃጥላል። ኮብራ፣ ማለትም ሥራ ከለቀቁ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ በራስ ወጪ ማስቀጠያው፣ ደግሞ ለዚህ አይቆጠርም። ኮብራን ተማምነው 18 ወር የተቀመጡ ሰዎች ቅጣቱን የሚያውቁት ቢሉ ሲመጣ ነው።

የመድኃኒቱ ፓርት ዲ ተሻሽሏል፤ ከ2025 ጀምሮ በፕላኑ ለተሸፈኑ መድኃኒቶች የዓመቱ የኪስ ወጪ ጣሪያ አለው፤ በ2025 ጣሪያው 2,000 ዶላር ነበር። መድኃኒት የማይወስድም ቢሆን ርካሹን ይያዝ፤ የዘገየበት እያንዳንዱ ወር 1 በመቶ ቅጣት አለው።

ደህና ገቢ ላላቸው ሌላ የተደበቀ ዋጋ አለ። የ2025 አረቦን የተወሰነው በ2023 የግብር መግለጫ ነበር። ነጠላ ሆኖ ከ106,000፣ በጋራ ከ212,000 ዶላር በላይ ያስመዘገበ ፓርት ቢን ቢያንስ በወር በ259 ዶላር ይገዛ ነበር። 401ኬ ከሚባለው የጡረታ ቁጠባ ብዙ ገንዘብ በአንዴ ማውጣት እዚያ ያደርሳል፤ በ63 ዓመት የተደረገ ደግሞ በ65 ይቆጠራል። ገቢው የወረደው ሥራ በማቆሙ ከሆነ ኤስኤስኤ-44 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ማስቀነስ ይችላል።

ሜዲኬር የማይነካውም ብዙ ነው። የዘወትር የጥርስ ሕክምና፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ለማጠብና ለመመገብ ብቻ የሚደረግ የነርሲንግ ሆም እንክብካቤ የለም። ከሆስፒታል ወጥቶ ለማገገም የሚገቡበት ተቋም 20 ቀን ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፤ ከ21 እስከ 100ኛው ቀን ግን ታካሚው በየቀኑ ይከፍላል፤ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። በኦሪጅናል ሜዲኬር ይህ የሚሠራው አስቀድሞ 3 ቀን በታካሚነት ከተኙ ነው። አልጋ ላይ ሆነው «ለክትትል» ተብለው ከተመዘገቡ አይቆጠርም፤ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

አገር ቤት ወራት ለማሳለፍ ያሰበ ሰውም ይወቀው፤ ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ፕላን ጂ እና ኤን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም፣ ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር ይሸፍናሉ። አዲስ አበባ ኑሮን ለመሠረተ ይህ ሽፋን አይባልም። ፓርት ቢን አቋርጦ ሄዶ ለሚመለስ ደግሞ ቅጣቱ ይጠብቀዋል።

ለባልና ሚስት የፓርት ቢ አረቦንና ዲዳክቲብል ብቻ በ2025 ዋጋ በዓመት 4,954 ዶላር ነበር፤ ሜዲጋፑና ፓርት ዲው በዚያ ላይ ይደመራሉ። ገቢው አነስተኛ የሆነ ስቴቱ አረቦኑን ይከፍልለት እንደሆነ ይጠይቅ። ከሻጭ በፊት በየስቴቱ ያለውን ሺፕ የሚባል ነፃ አማካሪ ማነጋገር ይሻላል። በሜዲኬር ስልክ፣ በ1-800-633-4227፣ ሲደወል አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል።