የሠላሳ ቀን ቀጠሮ፦ ስለ «ዘ ፊውቸር» ፊልም

ሶፊና ጄሰን በሎስ አንጀለስ አነስተኛ አፓርታማ ውስጥ አብረው የሚኖሩ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ያልተጋቡና ልጅ ያልወለዱ ጥንዶች ናቸው። ከእንስሳት መጠለያ አንዲት ኩላሊቷ የታመመና የፊት እግሯ የቆሰለ ድመት ወስደው ሊያስታምሙ ይወስናሉ፤ ውሳኔውን ያቀለለላቸውም ድመቷ ከስድስት ወር በላይ አትቆይም ብለው ማሰባቸው ነው። በመጠለያው ግን በደንብ ከተያዘች እስከ አምስት ዓመት ልትኖር እንደምትችል ይነገራቸዋል። እግሯ እስኪሽር ሠላሳ ቀን መጠበቅ አለባቸው፤ ቀኑ ደርሶ ካልወሰዷት ድመቷ እንድትሞት ይደረጋል።

ሚራንዳ ጁላይ የጻፈችው፣ ያዘጋጀችውና ሶፊን ሆና የተወነችበት «ዘ ፊውቸር» እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ፣ ወዲያው በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር የቀረበ የ91 ደቂቃ ፊልም ነው። ጄሰንን ሃሚሽ ሊንክሌተር ይጫወታል። ብዙዎች ፊልሙን ስለ ፍቅር የተሠራ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ጁላይ ከፍቅር ይልቅ በደንብ የምታውቀው ጊዜን ነው። ፊልሙ የሚበረታውም ሰዎች ውሳኔን ከዛሬ ነገ እያሉ ሲያስተላልፉ በማን ላይ ጉዳት እንደሚደርስ በሚያሳይባቸው ቦታዎች ነው።

የጥንዶቹ ስሌት አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አርባ ይሞላቸዋል፤ አርባ ደግሞ ለእነርሱ ከሃምሳ አይለይም፤ ከሃምሳ በኋላ የሚተርፈውም ምንም የማይገዛ ሽርፍራፊ ነው። ስለዚህ ነፃ ሆነው የሚኖሩበት የመጨረሻ ወር ይህ ነው ብለው ሥራቸውን ይለቅቃሉ፣ ኢንተርኔታቸውንም ያስቋርጣሉ። ጄሰን ከቤቱ ሆኖ በስልክ ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች እርዳታ የሚሰጥበትን ሥራ ትቶ ቤት ለቤት እየዞረ ዛፍ መሸጥ ይጀምራል። ለሕፃናት ዳንስ የምታስተምረው ሶፊ ደግሞ በየቀኑ አንድ አዲስ ዳንስ ፈጥራ በቪዲዮ ለመቅረጽ ታቅዳለች፤ ካሜራው ፊት ስትቆም ግን ሰውነቷ አልታዘዝ ይላታል። አንድ የኢትዮጵያ ተመልካች ይህን ሲያይ «ለመሆኑ የእነዚህ ሰዎች ዘመድ የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በፊልሙ ውስጥ አባትም፣ እናትም፣ የሚመክር ሽማግሌም ለጥንዶቹ የለም፤ ተጋቡ፣ ውለዱ የሚል ሰው ባለመኖሩ ጫናውን ሁሉ የተሸከመችው አንዲት ድመት ናት።

ድመቷ ፓው ፓው ትናገራለች። በጎጆዋ ውስጥ ሆና የሚታዩት ሁለቱ የፊት እግሮቿ ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ቀጭኑንና የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ የሰጠቻት ራሷ ጁላይ ናት። ይህ አቀራረብ ብዙ ተመልካቾችን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደሚያስመርር አልጠራጠርም፤ እኔንም በመጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ በገፋ ቁጥር፣ ከሁለቱ ጎልማሶች ይልቅ ቃል መግባት ምን እንደሆነ የገባት እርሷ ብቻ እንደሆነች እየተገለጠ ይሄዳል። እነርሱ ስለ ነፃነታቸው ሲጨነቁ እርሷ የእነርሱ ለመሆን ቀን ትቆጥራለች፤ ተመልካቹም ሠላሳ ቀኑን የሚለካው በእርሷ ጥበቃ ነው።

ፊልሙ የሚደክመው ሶፊ ማርሻል ወደሚባለው ሰው ስትሄድ ነው። ዴቪድ ዋርሾፍስኪ የሚጫወተው ማርሻል ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር የሚኖር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ ሶፊ የደወለችለት ስልክ ቁጥሩን ጄሰን ከመጠለያው ከገዛው ሥዕል ጀርባ ላይ አግኝታ ነው። ከማርሻል ጋር ስትሆን ማንም ምንም እንድትፈጥር አይጠብቅባትም፤ መታየት ብቻ ይበቃታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ግን የሐሳቡ ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ምን እንደሚፈልግ ሳናውቅ እንለየዋለን። የሚገርመው፣ ከእርሱ ይልቅ በግቢው ጉድጓድ ቆፍራ እስከ አንገቷ ተቀብራ ለማደር የምትወስነው ልጁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆና ትታያለች።

ያም ሆኖ የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት የሚገኘው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ሶፊ ከጄሰን ጋር በምትኖርበት ጊዜ የማትለየው አሮጌ ቢጫ ቲሸርት ነበራት። ይህ ቲሸርት የቀድሞ ቤቱን ትቶ በመንገዱ ላይ እየተሳበ መጥቶ ያገኛታል። እርሷም ትገባበታለች፤ ጭንቅላቷን ውስጡ ቀብራ፣ እግሮቿን በእጅጌው አሾልካ፣ ፊት አልባ ፍጡር ሆና ትደንሳለች። ሙሉ ወር ሞክራ ያቃታት ዳንስ ካሜራ በሌለበት፣ ልትሸሸው የፈለገችው ኑሮ አሳድዶ ከደረሰባት በኋላ ይወጣል። አንድም ቃል አይነገርም፤ መነገርም አያስፈልገውም።

ሌላው የፊልሙ ጉልበት አቶ ጆ ፑተርሊክ ናቸው። እኚህ አዛውንት ተዋናይ አልነበሩም፤ ጁላይ የፊልሙ ጽሑፍ አልገፋ ሲላት፣ በየቤቱ በሚታደል የማስታወቂያ መጽሔት ላይ ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጡ ሰዎችን እየደወለች ስታነጋግር ያገኘቻቸው የሎስ አንጀለስ ነዋሪ ናቸው። በፊልሙ ውስጥም ራሳቸውን ሆነው ለጄሰን ያገለገለ የፀጉር ማድረቂያ ይሸጡለታል፤ ለባለቤታቸው በየበዓሉ የጻፉላቸውን ባለጌ ግጥሞች ያሳዩታል፤ በትዳር ከስድሳ ዓመት በላይ የቆዩ ሰው በመሆናቸውም የጄሰንና የሶፊን አብሮነት ገና ጅማሬ ላይ ያለ አድርገው ይገልጹታል። አነጋገራቸው ያልተጠናና የራሳቸው ስለሆነ፣ እርሳቸው ባሉበት ትዕይንት የፊልሙ ብልጣ ብልጥነት ሁሉ ፀጥ ይላል። ቀረጻው ካበቃ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል።

ድምፃቸውን ግን ጨረቃም ሆነው እንሰማዋለን። ሶፊ የሠራችውን ልትናዘዝ አፏን ስትከፍት ጄሰን እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ ጊዜን ያቆማል፤ ከተማው በሙሉ ደርቆ ሲቀር እርሱ በመስኮቱ በኩል ከጨረቃ ጋር ይነጋገራል። ጨረቃም እርሷ ሰማይ ላይ ያለች ድንጋይ ብቻ እንደሆነችና ልትረዳው እንደማትችል ትነግረዋለች። የጆን ብራየን ሙዚቃ እዚህ ቦታ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጎ ለፀጥታው ቦታ መልቀቁ ትክክል ነው። ጄሰን እንደ ቀልድ ይለው የነበረው ጊዜን የማቆም ችሎታ እውነት ሆኖ ሲገኝ ምንም እንደማይጠቅም ያያል፤ በእጁ ሥር የቆመው ጊዜ ድመቷ ዘንድ አልቆመምና።

ጁላይ እ.ኤ.አ. በ2005 በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን «ካሜራ ዶር» ሽልማት የተጋራችበትን የመጀመሪያ ፊልሟን የወደዱ ተመልካቾች ያንኑ ልስላሴ ፈልገው ከመጡ ይቀዘቅዙ ይሆናል፤ ይህኛው የባሰ ጨለማ ነው። በመጨረሻም ሶፊ ወደ አፓርታማው ስትመለስ ጄሰን ለአንዲት ሌሊት ብቻ እንድታድር ይፈቅድላታል። ይታረቁ አይታረቁ ፊልሙ አይናገርም፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ትቷቸው ይወጣል።