ጎንደር ላይ ለዕረፍት፦ የድንጋይ ቤት ወይስ የጭቃ ቤት?

ለጥምቀት ማረፊያ አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ ለሚያስብ፣ እኔ ምርጫዬ ፒያሳ አካባቢ ያለው የጣሊያን ዘመን የድንጋይ ቤት ነው። ግን በቅድሚያ የቤቱ የይዞታ ካርታ ይታይ! በ1967ቱ የትርፍ ቤቶች አዋጅ መንግሥት ከወረሳቸው ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም የቀበሌ ናቸው፤ ተከራዩ ሊሸጥላችሁ አይችልም። የውርስ ቤት ከሆነም ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀትም የሌሊቱን ብርድም ይመክታል። በኖራ የተገነባውን በሲሚንቶ መለሰን ግን እርጥበቱን ውስጥ ማፈን ነው፤ ልስኑ ይረግፋል። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ፣ ቢወደድም።

አዘዞ በኩል ያለው የጭቃ ቤት ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ምርጊቱን የሰፈር ሰው ያድሰዋል። ጠላቱ ምስጥና የክረምት ዝናብ ነው። ለወራት ተዘግቶ ለሚከርም ቤት ይሄ ቀላል አይደለም፤ ጣሪያውን የሚያይ ጠባቂ መቅጠር ግድ ይላል።