ሴሊካዬና 17 ኢንች ቸርኬዋ፦ ከ10 ወር በኋላ

ከመጨረሻው ልጀምር። መኪናዬ ላይ አሁን ያለው ጎማ 215/45 አር 17 ነው። ቸርኬው 7 ተኩል ኢንች ስፋት አለው። ከኅዳር ወዲህ 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼበታለሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ይህ ጎማ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርድና ሲወጣ ነው።

እዚህ ልክ ላይ በአንድ ጊዜ አልደረስኩም። ከዚህ በፊት ሁለት ልክ ሞክሬያለሁ። አንዱ ገንዘቤን በላው። ሌላው ሊበላው ሲል ሀጂ አስጣሉኝ። ሀጂ የሰፈራችን ጎሚስታ ናቸው።

መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2006 የተሠራችው፣ ሰባተኛዋ ትውልድ። ደሴ ላይ ስፖርት መኪና ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። እናቴም ጠይቃኛለች። የእኔዋ ሞተር 1ዜድዜድ ነው፤ ኮሮላም ላይ ያለ ሞተር ስለሆነ ዕቃው አይጠፋም። ለዚህ ነው የደፈርኩት። ስገዛት 195/60 አር 15 ጎማ ነበራት። ምቹ ነበረች። ግን ፓራፋንጎዋ ውስጥ ያ ትንሽ ቸርኬ ሲታይ፣ የታላቅ ወንድሙን ኮት የለበሰ ልጅ ትመስላለች።

17 ኢንች ቸርኬ ከአዲስ አበባ በደላላ አመጣሁ። ያገለገለ፣ ጎማውም አብሮት ያለ። ሲደርስ ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን አስገጠምኩት። ስህተቱ እዚህ ጀመረ።

ቀዳዳው ልክ ነበር። ሴሊካ አምስት ቡሎን አላት፣ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። ያልተስማማው መሀሉ ነው። የመኪናዬ ሞዞ፣ ማለትም ቸርኬው የሚቀመጥበት የመሀል ብረት፣ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቸርኬው የመሀል ቀዳዳ 73.1 ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጥ ቸርኬ ለብዙ መኪና እንዲሆን ተብሎ መሀሉን ሰፊ አድርገው ይሠሩታል። ታዲያ ቸርኬው ሞዞው ላይ አይቀመጥም፤ በቡሎኖቹ ብቻ ይንጠለጠላል። ትንሽ ወደ ጎን ካለ አለቀ። 80 ላይ ስደርስ መሪው እጄ ውስጥ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠራሁ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁና አራት የአሉሚኒየም ቀለበት አስቆረጥኩ፤ ውጩ 73.1፣ ውስጡ 54.1። ልጁ አንዱን ሞዞው ላይ ሲያስገባው ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። መንቀጥቀጡ በዚያው ቀን ቆመ። በሕይወቴ በመኪና ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ የረካሁበት የለም።

ዳዶውንም ተመልከቱ። የእኔ መኪና የድሮ ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነበር። የገዛሁት ቸርኬ ደግሞ አፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን ሾጣጣ ቦታ ላይ ብታጠብቁት የጠበቀ ይመስላል፣ ግን አይዝም። የዳዶው ጥርስ 12 በ1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቶዮታ የሚለው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር። ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደሴ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ ደግማችሁ ፈትሹ።

አሁን ወደ ጎማው። ጎማ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ግን ሚሊ ሜትር አይደለም። የጎማው ጎን ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 195/60 ሲባል የጎኑ ከፍታ የ195 60 በመቶ፣ ማለትም 117 ሚሊ ሜትር ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው። ላይና ታች ሁለት ጎን ስትጨምሩ 615 ይመጣል። የመኪናዬ ጎማ ቁመት ይኸው ነው፣ ፍጥነት ቆጣሪውም የሚያውቀው ይህንን ነው። ቸርኬው ሲያድግ ጎኑ አጥሮ ይህ 615 ብዙም ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት።

ከአዲስ አበባ የመጣው 215/40 አር 17 ነበር። ጎኑ 86 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 604። መልኩ ልብ ይሰርቃል። ፒያሳ ላይ የባጃጅ ልጆች ፎቶ አነሱኝ። መኪናዋ ግን አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወርዳ ነበር። አምስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በየፍጥነት መቀነሻው ላይ ሆዷ ሲፋቅ ታውቁታላችሁ።

አምስት ሳምንት ቆየሁበት። አንድ ማለዳ ሐረጎን ጨርሼ ኮምቦልቻ ልገባ ስል ውሃ የሞላው ጉድጓድ ገባሁ። ውሃው ኩሬ መስሎኝ ነበር። ድምፁ የጎማ አልነበረም፣ የብረት ነበር። ወርጄ ሳየው የፊት ቀኙ ቸርኬ በውስጥ በኩል ከንፈሩ ታጥፏል። ጎማው ጎኑ ላይ ዕንቁላል የምታህል እብጠት አውጥቷል። ያ እብጠት ሲወጣ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። አይጠገንም። ጎኑ 117 ቢሆን ኖሮ ጉድጓዱን ጎማው ይውጠው ነበር። 86 ሲሆን የሚውጠው ቸርኬው ነው።

ቸርኬውን አስቀናሁት፤ አሁን ኋላ ላይ ነው ያለው፣ ደህና ነው። ጎማውን ግን ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሀጂ ጋ የሄድኩት።

«ሀጂ፣ ጎኑ ከፍ ያለ እፈልጋለሁ። 225/45 ልግዛ?»

«አንተ ልጅ፣ ሳትለካ ትገዛለህ እንዴ? ቆይ፣ አብሽር፣ ሞክረህ ውሰድ» አሉኝ።

ያገለገሉ ሁለት 225/45 አር 17 ነበራቸው። መጀመሪያ ፊት ገጠሙልኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። የተማሪ ቤት ነጭ ጠመኔ ነው። የጎማውን ትከሻ በውስጥም በውጭም ዙሪያውን ቀቡት። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙር አሉኝ። አዞርኩ። ቀስ ብለህ ሂድና ተመለስ አሉኝ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከፊት የውስጠኛው ፕላስቲክ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ቀጥለው ጎማዎቹን ወደ ኋላ አዞሯቸው፣ እዚያው የነበሩ ሁለት ልጆችን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡና ቧንቧ ውሃ ድረስ ላኩኝ። ስንመለስ ጎንበስ ብለው የኋላውን የፓራፋንጎ ከንፈር በጣታቸው ጠረጉት። ጣታቸው ነጭ ሆነ።

«ይኸው ፈረመልህ» አሉኝ።

ቁጥሩም ያንኑ ይላል። 225/45 ቁመቱ 634 ነው፣ ከፋብሪካው ከ3 በመቶ በላይ ይበልጣል። በዚያ ላይ የእኔ ቸርኬ ከድሮው 6 ተኩል ኢንች በአንድ ኢንች ይሰፋል፤ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ። ኦፍሴቱ፣ ማለትም ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሀል ያለው ርቀት፣ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የመኪናዬ ሞላ ደግሞ አርጅቷል፣ ሰው ሲጫንበት ይተኛል። አዲስ ሞላ ያለው ሰው 225 አይነካብኝም ቢላችሁ ልትጠራጠሩት አይገባም። ሁሉም በራሱ መኪና ላይ ጠመኔ ይቀባ።

መሀሉ ላይ የቀረው 215/45 ነበር። ጎኑ 97 ገደማ፣ ቁመቱ 625። ከ615ቱ በ1.7 በመቶ ይበልጣል። ለ7 ተኩል ኢንች ቸርኬም ይስማማል፣ ከ7 እስከ 8 ኢንች ድረስ ይገጠማል። 205/45 ቁመቱ 616 ሆኖ በወረቀት ላይ የበለጠ ልክ ነው። ግን ጎኑ 92 ነው፣ እኔ ደግሞ የጉድጓዱ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለአምስት ሚሊ ሜትር ጎን ብዬ ቁመቱን ተውኩት።

ሱቅ ስሄድ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው የጭነት ቁጥር ነው። የድሮው ጎማዬ 88 ይላል፣ አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ተራው 215/45 አር 17 87 ነው፣ 545 ኪሎ። ኤክስ ኤል የተጻፈበት፣ ለተጨማሪ ጭነት የተጠናከረው ግን 91 ነው፣ 615 ኪሎ። ኤክስ ኤሉን ወሰድኩ። ሁለተኛው የተመረተበት ጊዜ ነው። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ። አንዱ ሱቅ ያቀረበልኝ «አዲስ» ጎማ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። አመስግኜ ወጣሁ። የገዛሁትን ጎማ ስም አልጠራም። የሚመጣው በየጊዜው ስለሚቀያየር ብጠራውም ነገ አታገኙትም።

እና 10 ወሩ እንዴት ነበር?

ሐረጎ ላይ ወድጄዋለሁ። ኩርባ ላይ መሪውን ስሰብር መኪናዋ ወዲያው ትታዘዛለች። በ15ቱ ጊዜ ትንሽ ታቅማማ ነበር፣ ጎኑ ከተለመጠ በኋላ ነው የምትዞረው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግን ጠንቀቅ እላለሁ። ሰፊ ጎማ አስፋልት ላይ የተኛ ውሃን መቅደድ ይከብደዋል። ጉም ወርዶ ከፊት ያለው ከባድ መኪና መብራት ብቻ ሲታይ ምን ዓይነት ጎማ አለኝ ብሎ የሚፎክር የለም፤ ሁላችንም በሁለተኛ ማርሽ ነን።

ኮብልስቶን ላይ ይጮኻል። እውነቱን ልናገር፣ ከሰፈሬ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን ከሐረጎ ሁሉ ይብሳል። ቡና ይዤ መውጣት ትቻለሁ።

ነፋስ 34 ፒ ኤስ አይ እሞላለሁ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ደሴ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ታች ወርዳችሁ ብትለኩ ፍሬኑም መንገዱም ጎማውን አሙቆታል፣ አየሩም ይሞቃል። በ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ከ1 እስከ 2 ፒ ኤስ አይ ይለወጣል። መጀመሪያ አካባቢ ኮምቦልቻ ላይ «በዝቷል» ብዬ አስቀነስኩና በማግስቱ ደሴ ላይ ጎሎ አገኘሁት።

ፍጥነት ቆጣሪዋ ድሮ 80 ስትል ስልኬ 77 ይለኝ ነበር። አሁን 78 ይላል። ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው ያየሁት።

የጎማው ጥርስ አዲስ ሳለ 8 ሚሊ ሜትር ነበር። ኋላ 6 ተኩል ቀርቷል፣ ፊት 4 ተኩል። የምትጎትተው በፊት ስለሆነ ፊቱ ቶሎ ያልቃል። በ5,000 ኪሎ ሜትር ማዟዟር ነበረብኝ፣ ተኛሁ።

ያልጠበቅኩት ክብደቱን ነው። ሰኞ ገበያ አንድ እህል ቤት ገብቼ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ባለቤቱ «በኪሎ ስንት ልትሸጠው ነው?» አለኝ። 15ቱ ከነጎማው 16 ኪሎ፣ 17ቱ 20 ኪሎ ተኩል። በአራቱ 18 ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ያውም የሚሽከረከር ክብደት። ከኮምቦልቻ ስመለስ ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይበቃት የነበረችው መኪና አሁን ሁለተኛ የምትጠይቅበት ቦታ አለ።

ዛሬ ብጀምር 16 ኢንች ነበር የምገዛው። ለ17ቱ አራት ጎማ የከፈልኩት ለ15ቱ ከምከፍለው እጥፍ ይጠጋል። 205/50 አር 16 ቁመቱ 611 ነው፣ ጎኑ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ። መልክም አለው፣ ጉድጓድም ይችላል። ባለፈው ሳምንት ለሀጂ ነገርኳቸው።

«ልኩ ጥሩ ነው። ጎማው የት አለ?» አሉኝ።

ደሴ ሁለት ሱቅ፣ ኮምቦልቻ አንድ ጠየቅኩ። የለም። 205/55 አር 16 ግን ሦስቱም ጋ ነበር። ቁመቱ 632 ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። አነበቡትና ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ቸርኬውን አምጣው። ጠመኔው አለ።»